ኒውዮርክን ፍለጋ፦ ከግላስጎው እስከ ለንደን በባቡር

ሰኞ፣ ግላስጎው

ከግላስጎው ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በሆፕ ስትሪት ሽቅብ ለሚራመድ ሰው ቦዝዌል ስትሪት የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በአዘቦቱ ቀን ቢሮና ቡና ቤት የሞላበት ተራ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 መጀመሪያ ግን ይህ መንገድ ማንሃተን ነበር። ቢጫ ታክሲዎች ተደርድረውበት፣ የኒውዮርክ ፖሊስ መኪኖች ቆመውበት፣ ስፓይደርማን ከክሬን በወረደ ገመድ ተንጠልጥሎ ታንክ በሚመስል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ ሲያርፍ የከተማው ሕዝብ ከአጥር ጀርባ ሆኖ አይቷል። ፊልሙ «ስፓይደርማን፦ ብራንድ ኒው ዴይ» ነው። ዳይሬክተሩ ዴስቲን ዳንኤል ክሬተን ሲሆን ለእይታ ቀጠሮ የተያዘለት ለጁላይ 31 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ይህ ማስታወሻ ከግላስጎው ተነስቶ የምዕራቡን የባቡር መስመር ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሊቨርፑልን፣ ሚልተን ኪንስንና ዋትፎርድን አልፎ ለንደን ያበቃል። የምናርፍባቸው ከተሞች አብዛኞቹ በአንድ ወቅት የሌላ ከተማ ስም ለብሰው ለሱፐርሂሮ ፊልም የቆሙ ናቸው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ተለይቶ ካልተጠቀሰ የፈረንጆቹ ነው። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ሰው ከመነሳቱ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላውን የጉዞ ፈቃድ (ኢቲኤ) መያዝ አለበት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ግላስጎው ለምን ተመረጠች ለሚለው የመጀመሪያው መልስ መንገዷ ነው። አብዛኛው የብሪታንያ ከተማ የድሮ ገበያና የቤተ ክርስቲያን አጥር ተከትሎ የተጠማዘዘ ነው። የግላስጎው መሀል ከተማ ግን እንደ ማንሃተን በቀጥታ መስመር የተቆራረጠ ፍርግርግ ነው። ከሴንት ቪንሰንት ስትሪት መሀል ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው መንገዱ ኮረብታውን ወጥቶ እስኪጠፋ ድረስ አይታጠፍም። በስተቀኙና በስተግራው ያሉት የአሸዋ ድንጋይ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የቆሙት የከተማዋ ነጋዴዎች ከአሜሪካ ጋር በሚነግዱበት፣ አርክቴክቶቿም የቺካጎንና የኒውዮርክን የባንክ ሕንፃ ዐይተው በሚሠሩበት ዘመን ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ያለውን የጄምስ ሚለር ሥራ፣ የቀድሞውን የዩኒየን ባንክ ሕንፃ፣ አንስቶ ዎል ስትሪት አጠገብ ቢያቆሙት ማንም አይጠይቅም።

ልኩም ይገጥማል፤ ግን በከፊል ብቻ ነው። በ1811 በወጣው የማንሃተን ፕላን መሠረት ተራው አግድም መንገድ 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ከጥቂት ነው፤ ቁመቱን ይዞ የሚሄደው አቬኑ ደግሞ 100 ጫማ ወይም 30 ሜትር ያህል ነው። የግላስጎው መንገድ 20 ሜትር ገደማ በመሆኑ አግድሙን መንገድ ያለ ችግር ይተካል። አቬኑ ሆኖ ግን አይሳካለትም። አምስት ረድፍ መኪና ጎን ለጎን የሚነዳበት ትዕይንት ከተጻፈ ወይ ስክሪፕቱ ይለወጣል፣ ወይ መንገዱ በኮምፒውተር ይሰፋል፣ ወይ እውነተኛው ኒውዮርክ ይኬዳል።

ሁለተኛው ፈተና ፀሐይ ነው። ግላስጎው ከኒውዮርክ በ15 ዲግሪ ወደ ሰሜን ትርቃለች። በኦገስት መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ኒውዮርክ ፀሐይዋ 66 ዲግሪ ከፍ ስትል እዚህ 51 ዲግሪ ላይ ትቀራለች። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ኒውዮርክ ላይ 13 ሜትር ጥላ ሲጥል ግላስጎው ላይ 24 ሜትር ይጥላል። ስለዚህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተዘረጋ 20 ሜትር መንገድ ላይ የደቡቡ ሕንፃ ጥላ አስፋልቱን በሙሉ ሸፍኖ ከማዶው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ለካሜራ ባለሙያው ይህ ብዙ ጊዜ መርገም ሳይሆን ምርቃት ነው፤ ጥላው ለብዙ ሰዓት አንድ ዓይነት ስለሚሆን በተለያየ ሰዓት የተቀረጹት ሲቀጣጠሉ አይለያዩም። ችግሩ ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ በአግድሙ መንገድ በኩል ሾልካ ስትገባ ነው፤ ያን ጊዜ ሥራ ቆሞ ደመና ይጠበቃል። የግላስጎው ደመና ደግሞ አያስጠብቅም።

የሌሊት ቀረጻ ሌላ ጣጣ አለው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ሲሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትወጣለች። ወገግታው ሲቀነስ እውነተኛ ጨለማ የሚገኘው ለስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ የምግብ እረፍቱንና መብራት ማዘዋወሩን ያወጣ ሰው የበጋ ሌሊት ትዕይንት ለምን ወደ ስቱዲዮ እንደሚሸሽ ይገባዋል።

አሁን ወደ አስፋልቱ። ብሪታንያዊ መንገድ አሜሪካዊ የሚሆነው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መስመሩ፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ጥግ የተተከለው ነገር ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ ሕንፃው። በብሪታንያ ጥንድ ቢጫ መስመር ያለው በመንገዱ ዳር ነው፤ መኪና ማቆም ክልክል ማለት ነው። በአሜሪካ ጥንድ ቢጫ መስመር ያለው በመንገዱ መሀል ነው፤ መጪውንና ሂያጁን ይለያል። ስለዚህ የዳሩ በአስፋልት ቀለም ይሸፈናል፣ የመሀሉ አዲስ ይሰመራል። ቀለሙ ከቀረጻ በኋላ የሚታጠብ ወይም የሚላጥ መሆን አለበት። በቴፕ ከተሠራ የግላስጎው ዝናብ ከጫፉ ያነሳዋል፤ ከባድ መኪና አንዴ ፍሬን ከያዘበት ደግሞ ተጠቅልሎ ይቀራል። በዚህ የተነሳ የስታንት (የአደገኛ ትርኢት) መኪና የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቀለም፣ እግረኛ ብቻ በሚሄድበት ላይ ቴፕ መጠቀም የተለመደ ነው።

የትራፊክ መብራቱ ከሁሉም ያስቸግራል። የብሪታንያው መብራት ጥቁር ሳጥን ሆኖ ከመንገዱ ዳር ባለ ምሰሶ ላይ ይቆማል፤ የኒውዮርኩ ቢጫ ሳጥን ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከማዶ በኩል በአግድም ክንድ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የከተማው መብራት ካልተነቀለ በሐሰተኛ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በጭነት መኪና ወይም በሕንፃ እድሳት መወጣጫ ይከለላል። ኒውዮርክ ራሷ ከእግረኛ መንገዷ በላይ አረንጓዴ የጣውላ መከለያ የምታበዛ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀመ፤ ያ መከለያ የማይፈለገውን በር፣ የባንክ ማሽኑንና የአውቶቡስ መጠለያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደብቃል።

የቀረው ዝርዝር ብዙ ነው። በብሪታንያ የእሳት አደጋ የውሃ መቅጃ ከመሬት በታች በክዳን ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ በእግረኛ መንገዱ ላይ ፕላስቲክ ወይም ፋይበርግላስ መቅጃ ይተከላል። ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን፣ አረንጓዴው የመንገድ ስም፣ ከጉድጓድ የሚወጣውን እንፋሎት የሚያሳልፈው ብርቱካንማና ነጭ ቱቦ፣ ከፊትም ከኋላም የሚለጠፈው አጭር ታርጋ ይከተላሉ። እንፋሎቱ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ንፋስ ሲኖር ግን ወደ ጎን ተጎትቶ ይበተንና ሦስት ሜትር ሳይወጣ ይጠፋል። የሚረሳው ነገር ሁልጊዜ ትንሹ ነው፦ ለዓይነ ስውራን መንገድ ማቋረጫው ላይ የተነጠፈው የብሪታንያ ጉብጉብ ንጣፍ፣ በሱቅ መስኮት ላይ የፓውንድ ምልክት ያለበት ዋጋ፣ በቅርብ ቀረጻ ላይ መሪው በቀኝ ያለ የቆመ መኪና።

መሪ ካነሳን፣ ፍርግርግ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። የማንሃተን መንገድ አብዛኛው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ የግላስጎው መሀል ከተማም ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። መኪናው ሁሉ ወደ አንድ በኩል ሲሄድ በቀኝ ይነዳል ወይስ በግራ የሚለው ጥያቄ አይነሳም። በሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ግን ዕድሜውን በግራ የነዳ ሾፌር በቀኝ ይዞ፣ መሪው በግራ የሆነ መኪና ውስጥ ሆኖ፣ በተለካ ፍጥነት ከስታንት ተዋናይ ጎን ማለፍ አለበት። ለዚህ ነው ከበስተጀርባ የምትታየው ታክሲ ሾፌር ሳይቀር ልምምድ የሚያደርገው።

ማክሰኞ፣ እዚያው ግላስጎው

ስፓይደርማን የሚበረው በአየር ላይ ሳይሆን በሒሳብ ነው። በገመድ የተንጠለጠለ ሰው ገመዱን አግድም ወጥሮ፣ ማለትም ከ90 ዲግሪ ተነስቶ ቢወዛወዝ፣ ከታች ሲያልፍ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደቱ ሦስት እጥፍ ነው። ከ60 ዲግሪ ከተነሳ ሁለት እጥፍ ነው። የገመዱ ርዝመት ይህን አይለውጠውም፤ 5 ሜትርም ሆነ 20 ሜትር ያው ነው። ተዋናዩ ከልብሱና ከመታጠቂያው ጋር 80 ኪሎ ቢሆን ከታች 240 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ሰው የሚሰቀልበት ዕቃ ደግሞ በሙያው ልምድ አስር እጥፍ እንዲችል ስለሚፈለግ ገመዱ፣ ማያያዣውና ክሬኑ ላይ ያለው መያዣ እያንዳንዱ ከ2,400 ኪሎ በታች ሊበጠስ አይገባም። የብሪታንያ የማንሻ መሣሪያዎች ደንብም ሰው የሚያነሳ ዕቃ በየስድስት ወሩ እንዲመረመር ያዛል።

ቅደም ተከተሉ አይዘለልም። አስቀድሞ የአሸዋ ከረጢት ይሰቀላል፤ ቀጥሎ የስታንት ተዋናዩ በዝግታ፣ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት፤ ዋናው ተዋናይ የሚሰቀለው ገመዱን የሚጠቀልለው ማሽን (ዊንች) ላይ ያለው ሰው እንቅስቃሴውን በእጁ ካወቀው በኋላ ነው። ገመዱ ከወገቡ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ላይ በዟሪ ማያያዣ ሲታሰር ተዋናዩ መገልበጥ ይችላል። በጀርባው በአንድ ነጥብ ብቻ ከታሰረ ደግሞ እንደ ጅራፍ ጫፍ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ አንዴ ከጀመረ ማረፍ እንጂ ማቆም የለም። ማያያዣው ከሰውነቱ የክብደት ማዕከል በታች ከዋለ ሳይፈልግ ይዘቀዘቃል። ለስታንት የሚመረጠው ቀጭን ሰው ሠራሽ ገመድ ከብረት ይልቅ ቀላል ነው፤ ሆኖም እንደ ቴክኖራ ያለው ፀሐይንና ሹል ጠርዝን አይወድም፤ በየጊዜው ተቆርጦ ይጣላል። ገመዱ ራሱ በኮምፒውተር ይሰረዛል። ልብሱ ላይ የጣለውን ጥላና ወገብ አካባቢ የጎተተውን ጨርቅ ማጽዳት ግን ከገመዱ በላይ ቀናት ይበላል።

ልብሱም አንድ አይደለም። ለቅርብ ቀረጻ የሚሆነው ስፌቱ የጠራ ነው፤ ለስታንት የሚሆነው የመታጠቂያ ቀዳዳ አለው፣ ከውስጥ ስፖንጅ ይይዛል፣ የዓይኑ መስታወትም ለማየት የሚያመች ነው። በጭንብሉ ሥር ጠንካራ ቅርፊት ስላለ ተዋናዩ የሚሰማው በግማሽ ነው፤ ስለዚህ የማረፊያው ምልክት በድምፅ ብቻ አይሰጥም። እንደዚህም ሆኖ አደጋ አይቀርም፦ በሴፕቴምበር 2025 ዋናው ተዋናይ ቶም ሆላንድ በዚህ ፊልም ሥራ ላይ ቀላል የጭንቅላት መናወጥ ደርሶበት ቀረጻው ለጊዜው ቆሞ ነበር። ተዋናይ ሲጎዳ ሁለተኛው ቡድን ያለ እሱ የሚሠራውን ትዕይንት ወደፊት ይጎትታል፤ ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው በፕሮግራሙ ውስጥ ካልተያዘ በየቀኑ የሚፈሰው የክሬን፣ የመንገድና የሠራተኛ ወጪ ያለ ሥራ ይፈሳል።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብም የሥራው አካል ነው። ከተማ መሀል የተቀረጸን ልብስ መደበቅ ስለማይቻል ስቱዲዮዎቹ አዲሱን ልብስ ራሳቸው ቀድመው፣ ቀረጻው ግላስጎው ላይ ከመጧጧፉ በፊት፣ ለሕዝብ አሳዩት። ብልህ ውሳኔ ነው። ሊደበቅ የሚገባው የትኛው ገጸ ባሕርይ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ነው፤ እሱ ደግሞ በስቱዲዮ ግድግዳ ውስጥ ይቀረጻል። መንገድ ላይ የሚተከሉት ቢጫ የአቅጣጫ ምልክቶችም የፊልሙን ስም አይጽፉም፤ የሥራ መጠሪያ የተባለ ሐሰተኛ ስም ይለጠፍባቸዋል።

ረቡዕ፣ ሊቨርፑል

ከግላስጎው ወደ ሊቨርፑል ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፕሬስተን ወይም ዊገን ላይ ባቡር ይቀየራል። ላይም ስትሪት ጣቢያ ወጥቶ ቀና ሲሉ ፊት ለፊት የሚታየው በ1854 የተከፈተው ሴንት ጆርጅስ ሆል ነው። በ2022 በወጣው «ዘ ባትማን» ፊልም የጎታም ማዘጋጃ ቤት ሆኖ የሚታየው ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ ማት ሪቭስ ተከታዩን ክፍል ለኦክቶበር 1 ቀን 2027 ቀጠሮ ይዞለታል።

ግላስጎው ኒውዮርክ ስትሆን ሊቨርፑል ጎታም የምትሆነው በምክንያት ነው። ጎታም የሌለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ የሚመሳሰል ነገር አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት ክብደት ነው። ወንዙ ዳር ያለው ሮያል ላይቨር ሕንፃ በ1911 ሲያልቅ በዓለም ላይ ቀደምት ከሆኑት ግዙፍ የብረትና ኮንክሪት ሕንፃዎች አንዱ ነበር፤ ቁመቱ 98 ሜትር ነው። በ2020 የባትማን ልብስ የለበሰ ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ ታይቷል። ጎብኚ ዛሬ ትኬት ቆርጦ እስከ ግንቡ ድረስ መውጣት ይችላል፤ ንፋሱን ሲያይ ካባ ለብሶ እዚያ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ካባ ሸራ ነው፦ ነፋስ ከያዘው ሰውየውን ወደሚነፍስበት ይጎትታል፤ ስለዚህ በከፍታ ላይ አጭሩና ቀላሉ ካባ ይለበስና ረጅሙ በኮምፒውተር ይቀጠላል።

ለተረት ከተማ የሚደረገው የመንገድ ልብስ ከኒውዮርኩ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ታርጋውም ፖሊሱም የፈጠራ ነው። ግን ወጥነት ይጠይቃል። የጎታም ታርጋ በአንዱ ፊልም ምን ዓይነት እንደነበረ የሚያስታውስ ተመልካች ሞልቷል፤ ተከታይ ክፍል ሲሠራ ዕቃው ሁሉ ከመጋዘን ወጥቶ ከፎቶ ጋር ይመሳከራል። ተከታይ ፊልም ርካሽ ይሆናል የሚባለው በዚህ ነው፤ በተግባር ግን መጋዘኑ ውስጥ የተቀመጠ ጎማና ላቴክስ በአምስት ዓመት ይሰነጠቃልና ልብሱ እንደ አዲስ ይፈሳል።

ሐሙስ፣ ሚልተን ኪንስ

እዚህ የሚወርደው ቱሪስት ጥቂት ነው። ለዚህ ጉዞ ግን ከሁሉም ቦታ የበለጠ የሚያስተምረው ይህ ጣቢያ ነው። በ1987 የወጣው አራተኛው የሱፐርማን ፊልም ይህን በ1982 የተከፈተ ባቡር ጣቢያና ከፊቱ ያለውን አደባባይ ኒውዮርክ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት አድርጎ አቅርቦታል። በጀቱ ቀረጻው ሊጀመር ሲል ከ36 ሚሊዮን ዶላር ወደ 17 ሚሊዮን ግድም ተቆርጦ ነበር።

አደባባዩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማየት በቂ ነው። በሦስት በኩል መስታወት የለበሱ አጫጭር የቢሮ ሕንፃዎች ናቸው፤ ከላያቸው ሰማይ ብቻ። እውነተኛው መሥሪያ ቤት 39 ፎቅና 154 ሜትር ነው፤ ከጀርባው የማንሃተን ጥርስ ጥርስ ሕንፃዎች ይታያሉ። ለካሜራ ኒውዮርክ ማለት ሰማይ የጠበበበት ቦታ ነው። ሰማዩ ከተከፈተ ሺህ ቢጫ ታክሲ ቢመጣም አያድነውም። ታክሲም ቢሆን አልመጣም፦ ሱፐርማንን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሪቭ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ዝናብ እየጣለ፣ መቶ በማይዘሉ አጃቢዎች፣ አንድ መኪና እንኳ በሌለበት፣ ለማጀቢያ በተለቀቁ ጥቂት ርግቦች መቀረጹን በምሬት አንስቷል።

ዛሬ ቢሆን ሰማዩ በኮምፒውተር ይሞላ ነበር የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት ነው። ኮምፒውተር ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ያለውን ይቀጥላል፤ ከታች ያለው የመጀመሪያው ስድስት ሜትር ግን ተዋናይ የሚነካው፣ መኪና የሚገጨው፣ ውሃ የሚያንጸባርቀው ስለሆነ እውነተኛ መሆን አለበት። የሚልተን ኪንስ አደባባይ የጎደለው ከላይ ብቻ አልነበረም፤ ከታችም ባዶ ነው። ሰፊ ንጣፍ በሰው ካልተሞላ ያስጋልጣል፤ ጠባብ መንገድ ግን ስልሳ አጃቢ ሦስት መቶ ያስመስለዋል፤ በተለይ ካሜራው ዝቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ከተቀረጸ። ገንዘብ ያነሰው ፊልም ሠሪ መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው ጠባብ መንገድ መፈለግ ነው። እነሱ የፈለጉት ሰፊ አደባባይ ነበር።

ዓርብ፣ ሌቭስደን

ከሚልተን ኪንስ ዋትፎርድ ጀንክሽን በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ አውቶቡስ ወደ ሌቭስደን ይወስዳል። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞስኪቶና ሃሊፋክስ አውሮፕላን የሚመረትበት ፋብሪካ ነበር። የአውሮፕላን ፋብሪካ ለፊልም ይመቻል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መሀሉ ላይ ምሰሶ የለም፣ ከውጭ ያለው ሜዳም መንገድና መንደር ለመገንባት ይበቃል። ዋርነር ብራዘርስ በ2010 ገዛው።

ጎብኚው የሚያየው በአብዛኛው የጠንቋዩን ልጅ የሃሪ ፖተርን ዕቃ ስለሆነ ለሱፐርሂሮ ወዳጅ ያን ያህል አይደለም። ሥራው የሚሠራው ከአጥሩ ማዶ ነው። እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከተዋናዩ ጀርባ ምን ይሰቀል የሚለው ነው። በኋላ በኮምፒውተር በሌላ ምስል የሚተካው መጋረጃ አረንጓዴ ይሁን ወይስ ሰማያዊ የሚለው በልብሱ ይወሰናል፤ ስፓይደርማን ቀይና ሰማያዊ ስለሆነ ከአረንጓዴ ፊት ይቆማል፤ በ2002 በወጣው ፊልም አረንጓዴ የለበሰው ጠላቱ ከሰማያዊ ፊት መቀረጽ ነበረበት። ሁለቱ በአንድ ትዕይንት ሲጋጠሙ ራስ ምታቱ ይጀምራል። መጋረጃው የሚመልሰው ቀለም ደግሞ በሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ያርፋል፤ የጭንብሉ ዓይን፣ የባትማን ጥቁር ቅርፊት፣ እርጥብ አስፋልት ሁሉ አረንጓዴ ይሆናሉ።

የኤልኢዲ ግድግዳ፣ ማለትም ከተማውን ከተዋናዩ ጀርባ የሚያሳየው ግዙፍ ስክሪን፣ የመጣው ለዚህ ነው። «ዘ ባትማን» ላይ ያልተጠናቀቀው ፎቅ ጫፍ የሚታየው የከተማ ወጋገን ከእንዲህ ያለ ግድግዳ የመጣ ነው፤ ልብሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የከተማው ብርሃን ነው እንጂ አረንጓዴ አይደለም። ዋጋ የሚያስከፍለው በሌላ በኩል ነው። ካሜራው ግድግዳው ላይ ትኩረቱን ካሳረፈ ነጠብጣቦቹ ተደራርበው ሞገድ የመሰለ መስመር ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ ተዋናዩ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ግድግዳው ደብዝዞ ነው የሚቀረጸው። ምስሉም ከቀረጻው በፊት ማለቅ አለበት። በመጋረጃ የሚሠራ ዳይሬክተር ከተማውን ከስድስት ወር በኋላ ይወስናል፤ በግድግዳ የሚሠራ ከወዲሁ ወስኖ ይገባል። ሐሳቡን ቶሎ ቶሎ ለሚለውጥ ዳይሬክተር ግድግዳ አይመከርም።

ቅዳሜ፣ ለንደን

ዋትፎርድ ለለንደኑ ዩስተን ጣቢያ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው በ1936 የተከፈተው ፓይንውድ ስቱዲዮ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ አጥር ለማየት እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም። በ1977 የመጀመሪያውና ሁለተኛው የሱፐርማን ፊልሞች ጎን ለጎን መቀረጽ የጀመሩት እዚያ ነበር። ዘዴው ለወጪ ጥሩ ነው፤ አንዴ የቆመ ግንብ ሳይፈርስ ለሁለት ፊልም ያገለግላል። ክፉው ደግሞ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር ተሰናብቶ በሪቻርድ ሌስተር ሲተካ ታየ፤ አብዛኛው ተቀርጾ የቆየ ሁለተኛው ፊልም በሌላ ሰው እጅ ገባ፣ ብዙውም እንደገና ተቀረጸ።

የቀረው ሥራ ሶሆ ውስጥ ነው፤ ዋርዶር ስትሪትና አካባቢው የድምፅና የኮምፒውተር ኢፌክት ቤቶች ሰፈር ነው። እዚህ የሚደርሰው መንገዱ ላይ ከተቀረጸው ፊልም ጋር የሌዘር ስካኑ፣ የየሌንሱ ልክ፣ በእያንዳንዱ ትዕይንት መጨረሻ ላይ በግራጫና በሚያብለጨልጭ ኳስ የተወሰደው የብርሃን ናሙና ነው። ኳሷን መያዝ ግማሽ ደቂቃ ነው። ከተዘለለች ግን የኢፌክት ሠራተኛው ፀሐይዋ የት እንደነበረች ከጥላ እየገመተ ሳምንት ይሠራል።

ኒውዮርክ እያለች ለምን ብሪታንያ የሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ የሚያገኘውም እዚህ፣ በሒሳብ ክፍሉ ነው። የብሪታንያ መንግሥት ለፊልም ከዋና ወጪው 34 በመቶ የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም በግብር በኩል የሚመለስ ገንዘብ፣ ይሰጣል፤ የሚታሰበው ቢበዛ በወጪው 80 በመቶ ላይ ነው። ዋና ወጪው በሙሉ ብሪታንያ የዋለ የ100 ሚሊዮን ፓውንድ ፊልም 80 ሚሊዮኑ ይታሰብለትና 27.2 ሚሊዮን ያገኛል፤ ክሬዲቱ ራሱ 25 በመቶ ግብር ስለሚከፈልበት 20.4 ሚሊዮን በእጁ ይቀራል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ ለተሠራ ኢፌክት ክሬዲቱ 39 በመቶ ሆኗል፤ የ80 በመቶ ጣሪያውም ለዚያ ወጪ ተነስቷል። ለ10 ሚሊዮን ፓውንድ ኢፌክት ከግብር በኋላ 2.925 ሚሊዮን ይመለሳል።

ፊልሙ ብሪታንያዊ መባል አለበት። ለዚህ የሚሰጠው የባህል ፈተና ከ35 ነጥብ 18 ይጠይቃል። ታሪኩ የት ይፈጸማል የሚለው 4 ነጥብ ብቻ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ 6፣ ሥራው የተሠራበት ቦታ 5፣ ሠራተኞቹ 8 ይይዛሉ። በኒውዮርኩ ኩዊንስ ሰፈር ያደገው የስፓይደርማን ታሪክ የሚያልፈው በዚህ ሥሌት ነው። የኒውዮርክ ግዛትም ዝም አላለችም፤ 30 በመቶ ትሰጣለች፤ ለዓመት የመደበችውንም ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አድርጋለች። ግን ያ ገንዘብ ዓመታዊ ጣሪያ ያለው፣ አመልካች ሁሉ የሚካፈለው ነው። የብሪታንያው ዓመታዊ ጣሪያ የለውም፤ ብሪታንያ ውስጥ ለሠራ ተዋናይ የሚከፈለውም ደመወዝ ይቆጠርበታል። በሱፐርሂሮ ተከታይ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከፊልም ወደ ፊልም በየጊዜው ከፍ የሚለው ወጪ የተዋናዩ ደመወዝ ነው።